ሳነቴ ላይ የቀለጠችው ማብሪያ

ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሆኖም ተጓዡን በግማሽ ቀን ውስጥ ሦስት አገር ያዞረው ያህል ልብስ ያስለውጠዋል። መና ላይ ሙቀቱ የሸሚዝ ቁልፍ ያስፈታል። ከዚያ የሐረና ጫካ ይቀበላል፤ ቅርንጫፉ ከላይ ተጋጥሞ መንገዱን በቀትር ያጨልመዋል። ሪራን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ዛፉ እያጠረ፣ አስታው እየበዛ፣ ጥምዝምዙ እየጠበበ ይሄድና ድንገት ሜዳው ይከፈታል፤ ጅብራ እዚህም እዚያም ቆሞ የሚታይበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር የሚያልፈው የሳነቴ አምባ ላይ ይደረሳል። እንግዳ ሰው ስለ አምባው ብርድና ስለ ቀይ ቀበሮው ያወራል። ሾፌር የሚፈራው ግን ከሪራ በላይ ያለውን ዳገት ነው፤ ከጫካው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ የሚቀዘቅዘውና ጉም ሆኖ መንገዱ ላይ የሚተኛው እዚያ ነውና።

በአንድ የመስከረም ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

መኪናዋ የእናቴ ወንድም ቡናና ማር ሲያመላልስባት ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም ለእኔ የተዋት ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ናት። ቶዮታ 70 ብሎ የሚጠራው ይህ ተከታታይ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ሲሆን፣ መልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙም ስላልተለወጠ ያላወቀ ሰው የመኪናዬን ዕድሜ ሲገምት ዐሥር ዓመት ያህል ይሳሳታል። 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሯ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ክሩስኮቷ ግን ባዶ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል፤ የፍጥነት መለኪያ፣ የናፍጣና የሙቀት መርፌ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ከዚያ ሌላ ምንም። አጎቴ ከመኪናዋ ጋር ያወረሰኝ ሁለት ቢጫ ፓውዛዎች ከፊት ባለው መከላከያ ብረት፣ ፓራውልቱ ላይ ታስረው ነበር፤ ሽቦአቸው ተቆርጦ ስለነበር ለስንት ዓመት ለጌጥ ብቻ እንደቆዩ እሱ ራሱ አያስታውስም።

እነዚያን ፓውዛዎች ላበራ ተነሣሁ። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ቤት ውስጥ አምፖል መቀየር ብቻ ነበር፤ ያውም የማላውቀውን ያህል አለማወቄን ሳላውቅ። ከሰፈሬ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የራስጌ መብራት ሽቦ ላይ የምትገባዋን፣ በአውራ ጣት ቀጭ የምትለዋን ነጭ ማብሪያ ገዛሁ። ዋጋዋ ከአንድ ሽሮ ያነሰ ነበር። ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ የድምፅ ማጉያ ሽቦ አወጣሁና ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ክሩስኮቱ፣ ከክሩስኮቱ ወደ ፓውዛዎቹ ዘረጋሁት፤ መጋጠሚያዎቹን አጠማዝዤ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ማብሪያዋን ከመሪው በታች በዚያው ናስትሮ ለጠፍኳት። ቀጭ ሳደርጋት ሁለቱ ፓውዛዎች በሩ። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ኩራት እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ነበር ያሳየሁት።

ሦስት ሳምንት ሠራች። በዚያ መስከረም ምሽት ግን ከሪራ ጀምሮ ፓውዛዎቹን አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሳላጠፋ ወጣሁ፤ ከዚያ በፊት ከአምስት ደቂቃ በላይ አብርቻቸው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ብርሃኑ የቀነሰ መሰለኝና ጉሙ የከበደ ነው ብዬ አለፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ከመና ወደ ጎባ የጫንኳቸው አዛውንት ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው ገለጥ አድርገው የሚቃጠል ነገር እንዳለ በኦሮምኛ ነገሩኝ። እጄን ከመሪው በታች ስሰድ ማብሪያዋ ለስላሳ ሆና፣ እንደ ሞቀ ሰም ጣቴ ላይ ተጣበቀች። ላጠፋት ሞከርኩ፤ የምትንቀሳቀሰው ክፍል ቀልጦ ከሌላው ጋር ተዋሕዷል። ፓውዛዎቹ እንደበሩ ናቸው፤ ሽታው እየጨመረ ነው፤ የትም ቦታ ፊውዝ አላስገባሁም። መኪናዋን ጥግ አስይዤ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ በጃኬቴ እጅጌ ጨብጬ ሽቦውን ከባትሪው ላይ መነጨቅሁት። ጨለማ ሆነ። አዛውንቱ ከመኪናው ወርደው ድንጋይ ከኋላ ጎማ ሥር አስገብተው ነበር፤ እኔ የእጅ ፍሬን መያዜን እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም። የቀረውን መንገድ በዋናው መብራት ብቻ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ጨረስነው።

በማግሥቱ ሲነጋ የማብሪያዋን ሬሳ በብርሃን አየሁት። ነጩ ፕላስቲክ መሀሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ጎድጉዷል፤ ከውስጥ ያሉት ሁለት ስስ የመዳብ ምላሶች ጠቁረዋል። የሚያስቀው ነገር ጀርባዋ ላይ «250 ቮልት፣ 10 አምፔር» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ነው፤ የተሸከመችው ግን ከዚያ ያነሰ ይመስል ነበር። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ 110 ዋት ናቸው፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ነው። ሒሳብ ነው የምሠራው፤ ከዐሥር ዘጠኝ ያንሳል። ታዲያ ምን አቀለጣት?

ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር አዲስ አበባ ስመለስ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የገባሁት። ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሰው ሶማሌ ተራን ያውቀዋል፤ ከበር እጀታ እስከ ሙሉ ሞተር፣ የፈለጉት ነገር ወይ አለ፣ ወይ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ከአንድ ጠባብ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) የሚፈቱ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ፤ የተራው ሰው በሙሉ ጋሼ እያለ ስለሚጠራቸው እኔም ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። መኪናዋን አምጥቼ አሳየኋቸው። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የቀለጠችው ማብሪያ እንደበራች ተጣብቃ ስለቀረች ሽቦውን ወደ ባትሪው መለሱት፣ ሞተሩን አስነሡኝና መለኪያቸውን አመጡ። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት አነበቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፓውዛው ላይ ለኩ፤ 11.8 ይላል።

«ሁለት ቮልትህን ማን በላው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ግማሹን ይህ ክር በላው፤» አሉና የድምፅ ማጉያ ሽቦዬን በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት። «ግማሹን ደግሞ እዚህች ውስጥ ነው ያነደድከው። ስማ ልጄ፣ ማብሪያ ማለት ካቦ ነው። ወዛደሩ ሪሌው ነው። አንተ ካቦውን ጆንያ አሸክመህ ገደልከው።»

ይህች የካቦና የወዛደር ነገር ሙሉውን ትምህርት ይዛለች፤ ሪሌ ምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ ሳሰላው ደግሞ ቁጥሩ እሳቸውን አረጋገጠላቸው። የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር 0.023 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ከባትሪው ወደ ክሩስኮቱና ተመልሶ ወደ ፓራውልቱ 6 ሜትር ዘርግቼ ነበር፤ 9 አምፔር ሲያልፍበት 1.2 ቮልት ያህል እዚያው ይቀራል። የማብሪያዋ ምላሶች ደግሞ ንክኪያቸው ትንሽ ሲላላና ሲቆሽሽ ተቃውሞው ወደ 0.1 ኦም ቢደርስ፣ ዘጠኝ በዘጠኝ በ0.1 ተባዝቶ 8 ዋት ሙቀት ይሆናል። 8 ዋት ሲባል ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የተዘጋች ፕላስቲክ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሲታጎር መውጫ የሌለው ምድጃ ነው። ሙቀቱ ምላሱን ያለሰልሰዋል፣ የለሰለሰ ምላስ ይበልጥ ይላላል፣ የላላ ንክኪ ይበልጥ ይሞቃል። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው 10 አምፔርም ለቤት ኤሌክትሪክ የተባለ ነው፤ የቤቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ስለሚረግጥ ማብሪያ ሲጠፋ የምትነሣዋ ብልጭታ ራሷ ታልፋለች፤ የባትሪ ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። በዚያ ላይ የቀዘቀዘ የአምፖል ክር በበራባት ቅጽበት ከሚገባው ብዙ እጥፍ ይስባል። ያቺ ሚስኪን ማብሪያ በእያንዳንዱ ቀጭታ የምትቀበለው ያንን ጥፊ ነበር።

ያላሰብኩት ሌላ ኪሳራም ነበር። የሃሎጂን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል እኩል አይቀንስም፤ ቮልቱ በዐሥር በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በሠላሳ በመቶ ያህል ይወርዳል። ከ13.9 ወደ 11.8 ሲወርድ የሚጠፋው ከአርባ በመቶ ያላነሰ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ያሳየሁት ብርሃን ግማሹ ለመሆን የቀረበው ብቻ ነበር፤ የቀረውን መሪው ሥር እየጠበስኩት ነበር የምነዳው።

ሪሌ ማለት በአጭሩ ሌላ ማብሪያ ነው፤ ልዩነቱ በጣት ፈንታ በትንሽ ማግኔት መገፋቱ ነው። ማግኔቱን የሚሠራው ጥቅል ሽቦ የሚፈልገው 0.15 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ፓውዛዎቹ ከሚስቡት ስድሳ ጊዜ ያነሰ። ጥቁሯ ኩብ ከሥር አራት እግር አላት፤ 30፣ 85፣ 86፣ 87። ጋሼ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ልጆቻቸው ስም ነው የሚጠሯቸው፤ «ሠላሳን ከባትሪ፣ ሰማንያ ሰባትን ለፓውዛ፣ ሰማንያ ስድስትን ለማብሪያ፣ ሰማንያ አምስትን ለኔጌቲቭ» ይላሉ። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው «ፋብሪካው ያውቃል» ብለው አለፉኝ። ኋላ ላይ ሳነብ ዲን 72552 ከሚባለው የጀርመን መለኪያ የተወረሱ መሆናቸውን አወቅሁ፤ በዚያ መለኪያ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ 31 የመመለሻው ኔጌቲቭ፣ 50 የሞተሪኖው፣ 58 የትንንሾቹ መብራቶች ነው። መኪናዬ ጃፓናዊት ናት፤ የጋራዡ ቃል ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ የሪሌው እግር ደግሞ ጀርመንኛ ይናገራል።

የሪሌውን፣ የፊውዙንና የሽቦውን ዋጋ ጋሼ ሲነግሩኝ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ማብሪያዋን በርካሽ ስለገዛሁ የቀረውም በዚያው ዋጋ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ካልሆነ አልሠራም አሉ፤ «በማብሪያው የፈለግከውን ያህል ቆጥብ፣ የትም ብታመጣው ግድ የለኝም» ብለውኝ ወደ ሞተሪኗቸው ተመለሱ። በዚህ ፈቃድ ነው እኔም በእጄ የምሠራትን ማብሪያ ፍለጋ የወጣሁት።

ምናለሽ ተራ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ሌላው ከተማ ጣልኩት ያለው ሁሉ በቁራሌዎች ትከሻ እየተጫነ እዚያ ይገባና ሌላ ስም ይዞ ይወጣል፤ በርሜሉ ምጣድና ምድጃ፣ የጎማው ቁራጭ በረባሶ፣ የጣሳው ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል። መዶሻው በአንድ ጊዜ ከመቶ ቦታ ስለሚሰማ ዋጋ የሚጠየቀው በጣት ነው። ከአንድ የተበታተነ የድሮ ማጉያ ክምር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትል፣ አንገቷ ክብ የብረት፣ ጭራዋ እንደ ዕጣን ፍሬ ጫፏ የተድቦለቦለ ማብሪያ አገኘሁ። አምስት ጊዜ ላይ ታች አልኳት፤ እያንዳንዷ ቀጭታ ደረቅና ቁርጥ ያለች ናት። ካቦ ለመሆን ይህ ይበቃታል። ከአጠገቡ ካለው ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚወፍር የአሉሚኒየም ቁራጭ ወሰድኩ። ሻጩ አሉሚኒየሙን በሚዛን ማብሪያዋን በምርቃት ሰጠኝ፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሚናገርላት ዕቃ በትክክል ለመናገር ዋጋዋ ምንም ነው።

ቤት ወስጄ አሉሚኒየሙን በሞረድ ጠርዙን አከብኩት። ሬዲዮው ሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች ላይ እንዲንጠለጠል ቀዳዳዎቻቸውን በካርቶን ለክቼ ምልክት አደረግሁ። መሀሉን ለማብሪያዋ ስሰረስር ግን መሰርሰሪያው ተንሸራተተ። መጀመሪያ በምስማር ሳልነቁጥ ስለጀመርኩ ነው፤ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ግን የቸኮልኩበት። ቀዳዳው ከመሀል ወደ ግራ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ተከፈተ። ማብሪያዋን እዚያ ላይ ብተክላት ማርሽ ስቀይር እጄ እየገጫት ያበራታል፤ ስለዚህ ሌላ ቀዳዳ በትክክለኛው ቦታ በሳሁና የተበላሸው አጠገቧ እንዳፈጠጠ ቀረ። አሉሚኒየሙን ለመተካት ምናለሽ ተራ መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም።

ትክክለኛው ቦታ የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ በሳነቴ የምለብሰውን የሱፍ ጓንት አጥልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ከመሪው ላይ ወደ ሬዲዮው ሥር ደጋግሜ ላክሁ። ጣቴ በራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ጠመኔ ቀባሁት። በጉም ውስጥ ዓይንን ከመንገድ ነቅሎ ክሩስኮት መፈለግ ከቀለጠ ማብሪያ የባሰ አደጋ ነው፤ የገበያዎቹ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሰሌዳዎች ሁሉም ቁልፋቸው አንድ ዓይነት፣ ተደርድረውም ጣት የማይለያቸው ሆነው የሚሠሩበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። የእኔዋ ብቻዋን ናት፤ ወደ ላይ መብራት፣ ወደ ታች ጨለማ።

አቧራውን ደግሞ መዘንጋት አይቻልም። ከጎባ ወዲያ ያለው መንገድ በደረቁ ወራት እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ያነሣል፤ እንዲህ ያለ አቧራ የማብሪያ አንገት ውስጥ ሲገባ ከቅባት ጋር ይቦካና ንክኪውን ያደነዝዘዋል። ለዚህ የተጠቀምኩት ከአሮጌ ካላማዳርያ የቆረጥኩትን ክብ ነው፤ መሀሉን በጋለ ምስማር በስቼ በማብሪያዋ ጭራ ላይ እንደ ቀሚስ አለበስኳትና ከአሉሚኒየሙ ጋር በራሷ ብሎን አጣበቅኋት። ጭራዋ ወደ ላይና ወደ ታች ስትል ላስቲኩ ይለጠጣል እንጂ አይከፈትም። ከጎኗ ቀይ ኤልኢዲ፣ ትንሽ ጠቋሚ መብራት፣ አስገባሁ፤ ከ1,000 ኦም መከላከያ ጋር 12 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ትወስዳለች። መጀመሪያ የሞከርኳት ሌሊት ዓይኔን ወጋችኝ፤ ባለቤቴ ከነበራት ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ስቀባት ፍም መሰለች።

ሽቦውን የዘረጋነው ከጋሼ ጋር ነው፤ የዘረጋነው ስል እኔ የእጅ ባትሪ አበራሁላቸው ማለቴ ነው። መጀመሪያ የነኩት ፊውዙን ነበር፤ ባለ 15 አምፔሩን ፊውዝ ከባትሪው ሞርሴቶ (የሽቦ ማሰሪያ) አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሰሩት። ለምን እዚያ እንጂ ፓውዛው አጠገብ እንዳልሆነ ስጠይቅ፣ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን መሆኑን ነገሩኝ፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፣ ስለዚህ ማጠር አለበት። ሪሌውን ከጭቃ መከላከያው ከፍ አድርገው እግሮቿን ወደ ታች ዘቅዝቀው አሰሯት፤ ውኃ ቢገባ እንዲወርድ። ወደ ክሩስኮቱ የምትገባው ቀጭን ሽቦ ላሜራውን የምታልፍበት ቀዳዳ ላይ የላስቲክ ቀለበት ጨመሩ፤ የላሜራ ጠርዝ ሽቦን በንዝረት ቀስ እያለ እንደሚያርድ እያሳዩኝ።

የማብሪያዋን ምንጭ በተመለከተ ግን ተከራከርን። እኔ ቀጥታ ከባትሪው እንድትወስድ ፈልጌ ነበር፤ መኪና አጥፍቼም ቢሆን አውርዶ ለመጫን ብርሃን እንዳገኝ። እሳቸው ከትንንሾቹ መብራቶች መስመር ካልሆነ አሉ፤ ትንንሾቹ ሲጠፉ ፓውዛውም እንዲጠፋ። ዘጠኝ አምፔር የሚስብ መብራት ረስተውት ቢያድሩ በማግሥቱ ሳነቴ ላይ መኪና የሚገፋ ሰው የት ይገኛል? ተሸነፍኩ፤ ዛሬም ሌሊት ጭነት ሳወርድ ቅሬታዬ አልጠፋም፤ ግን ትክክል ነበሩ። ሌላም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሪሌው ውስጥ ያለው ማግኔት በሚጠፋበት ቅጽበት የሚረጨው ቅጽበታዊ ቮልት ትንንሽ ማብሪያዎችን እያቃጠለ ያስረጃቸዋል፤ ስለዚህ ውስጡ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ያለበትን ሪሌ መርጠውልኛል፤ እንዲህ ባለው ሪሌ 85ና 86 ቦታ ቢቀያየሩ ዳዮዱ ይቃጠላል፤ በርካሹ ሪሌ ግን ምንም ለውጥ አያመጣም። ይህን የሚያነብ የድሮ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ባለቤት ካለ ደግሞ አስቀድሞ ባትሪውን ይለካ፤ አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው፣ የ12ቱ አምፖልና ሪሌ እዚያ ላይ የአንድ ምሽት ዕድሜ የላቸውም።

ሲጨርሱ መለኪያቸውን አመጡ። ባትሪው ላይ 13.9፣ ፓውዛው ላይ 13.5። ማብሪያዋን ዳሰስኳት፤ ሩብ ሰዓት በርታ ከእጄ ይልቅ ቀዝቃዛ ነበረች።

ሰዎች ለምን የተዘጋጀውን አልገዛህም ይሉኛል። ከዱባይ የሚመጡ፣ ሰማያዊ የሚያበሩ፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳዩ ሰሌዳዎች መርካቶ ሞልተዋል፤ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ያምራሉ። አንዱን ከጓደኛዬ መኪና ፈትተን አይተነዋል፤ ፊቱ የአውሮፕላን ክሩስኮት የሚመስለው ሰሌዳ ከጀርባው ያለው ሽቦ የእኔን የድምፅ ማጉያ ሽቦ ያህል ቀጭን ነው፤ ሪሌ የለውም። በላዩ ላይ የተጻፈው አምፔር የእኔዋ ራስጌ ማብሪያ ላይ ከተጻፈው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እንዲሁም ያንን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚገዛው ጣሪያ ላይ የሚጋደመውን ረጅም የኤልኢዲ አሞሌ ነው፤ እሱ ደግሞ በሜዳ ላይ ቀን ቢያስመስልም ጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሠራው፤ ከዓይን ከፍታ በላይ የሚነሣ ብርሃን የጉሙን ጠብታዎች መትቶ ወደ ሾፌሩ ፊት ይመለሳልና። የአጎቴ ፓውዛዎች ዝቅ ብለው፣ ብርሃናቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ የመንገዱን ጠርዝ ብቻ የሚልሱት ለዚህ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣውን የአይሱዙ ሾፌር ዓይን ማጥፋትም አያስፈልግም።

በኅዳር፣ የቡናው ለቀማ ጊዜ፣ እንደገና ወደ መና ወረድኩ። ስመለስ ሪራን ያለፍኩት ማታ ነው፤ ጉሙ ሦስተኛው ጥምዝምዝ ላይ ጠበቀኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ሬዲዮው ሥር ሄደ፤ ጓንቴ ውስጥ ያለው ጣቴ ላስቲኩን አገኘ፣ ወደ ላይ አለ፤ ከኮፈኑ ሥር የሪሌዋ ቀጭታ ተሰማ፣ ከዚያ የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ድንጋዩ፣ የአስታው ሥር፣ አንድ የተኛ በቅሎ። ላሸት ሞከርኩ፤ የሸተተኝ ከኋላ የጫንኩት እርጥብ ቡና ብቻ ነው። አምባው ላይ እስክወጣ አንድ ሰዓት ያህል በርታ ነበር፤ በየመታጠፊያው እየዳሰስኩ ማብሪያዋን አስቸግሬያታለሁ፤ አልሞቀችም።

ያቺ በስህተት የተሰረሰረች ቀዳዳ ነገርስ? ከቤት መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን የድሮ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ የአንበሳው ራስ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ከጀርባው በማጣበቂያ ለጥፌባታለሁ። ከመና የምጭናቸው ሰዎች ሁሉ ዓይናቸው እሱ ላይ ያርፋል። ባለፈው ጊዜ የተሳፈረ አንድ ልጅ እናቱ ሳታየው አንበሳውን በጣቱ ተጭኖ፣ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ መንገዱ ቀና ብሎ ተመለከተ፤ እኔም አሳዘነኝና በዚያችው ቅጽበት ማብሪያዋን ወደ ላይ አደረግሁለት።